የአሜሪካ የውጭ ተወላጆች የዕድሜና የገቢ አኃዞች እንዴት ይነበባሉ?

የአትላንታዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የመረዳጃ ማኅበራችን በአሜሪካ የሚኖረው የውጭ ተወላጅ ሕዝብ በዕድሜ፣ በትምህርትና በገቢ ምን እንደሚመስል የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስለጠየቀኝ፣ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤቱንና የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮውን ሰንጠረዦች እየመረመርኩ ነው። በ2023 የውጭ ተወላጁ ቁጥር ወደ 47.8 ሚሊዮን፣ ማለትም ከጠቅላላው ሕዝብ 14.3 በመቶ ያህል ደርሷል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሁለት ጉዳዮች ግን አልታረቁልኝም። አንደኛው፣ ወጣት ሆኖ ለሥራ ይመጣል የሚባለው ይህ ሕዝብ መካከለኛ ዕድሜው (ግማሹ ከዚያ በታች፣ ግማሹ ከዚያ በላይ የሆነበት ዕድሜ) 47 ገደማ ሲሆን የአገሬው ተወላጅ 37 ገደማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በ2023 የውጭ ተወላጁ የሥራ ተሳትፎ፣ ማለትም የሚሠራው ወይም ሥራ የሚፈልገው ሰው ድርሻ፣ 66.6 በመቶ፣ የአገሬው 61.8 በመቶ ሆኖ ሳለ፣ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛው መካከለኛ ሳምንታዊ ደመወዝ 987 ዶላር ከ1,140 ዶላር ማነሱ ነው። ምክንያቱ የትምህርት ማነስ ነው ብዬ ልጽፍ ስል፣ ዲግሪ ይዘው ፓርኪንግ የሚሠሩ የማውቃቸው ሰዎች ትዝ አሉኝና ተውኩት።

ቆጣሪው፦

ስለ ዕድሜው ልመልስ። ሰንጠረዡ የሚለየው ሰውን በተወለደበት አገር እንጂ በቤተሰቡ አይደለም። ከአዲስ አበባ መጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት አሉ እንበል፤ ሦስት ልጆች እዚያው ወልደዋል፣ ባልየው ዜግነት ካገኘ በኋላም የ68 ዓመት እናቱን አስመጥቷል። በቤቱ ካሉት ስድስት ሰዎች በውጭ ተወላጅነት የሚቆጠሩት ባልና ሚስቱ እና አያትየዋ ብቻ ናቸው። ልጆቹ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ በአገሬው ዓምድ ስለሚገቡ የዚያን ዓምድ ዕድሜ ዝቅ ያደርጋሉ፤ አያትየዋ ደግሞ የውጭ ተወላጁን ዕድሜ ከፍ ያደርጋሉ። ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ወላጆቹን ያለ ኮታ ማስመጣት ስለሚችል እንዲህ ያሉ እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በወጣትነታቸው የመጡትም ዛሬ ጡረታ ደጃፍ ላይ ናቸው።

የሥራ ተሳትፎ የሚሰላው ግን ዕድሜው 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ብቻ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ከ25 እስከ 54 ዓመት ያለው ድርሻ በውጭ ተወላጁ ዘንድ ከአገሬው ስለሚበልጥ፣ ሁለቱ ቁጥሮችዎ አይጋጩም። በጽሑፍዎ እንዳይዘነጋ የምለምንዎት ደግሞ፣ በዚህ ሕዝብ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ዜግነት ያገኘ መሆኑን ነው።

ነርሷ፦

የገቢው ጉዳይ ሥራዬን ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። ትምህርት አነሳቸው የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ይዟል። ዕድሜያቸው 25 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት የውጭ ተወላጆች ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቁት ሩብ ያህል ሲሆኑ፣ በአገሬው ዘንድ ግን ከአሥር አንድ አይሞሉም። የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በላይ ያላቸው በሁለቱም ወገን ከሦስት አንድ በላይ ናቸው፤ በሁለተኛ ዲግሪና በዶክትሬትማ የውጭ ተወላጁ ከአገሬው አያንስም። ከጠቅላላው ከአምስት አንድ በላይ የሚሆነው ከሜክሲኮ የመጣ ሲሆን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ በግንባታ፣ በእርሻና በምግብ ቤት ተሰማርተዋል፤ ያለ ወረቀት የሚኖረውም ቀላል አይደለም። ከህንድ የመጡት ግን በብዛት በትምህርትና በባለሙያ ቪዛ የገቡ በመሆናቸው የቤተሰብ ገቢያቸው ከአገሬው እጅግ ይበልጣል። 987 ዶላር ሁለቱንም አደባልቆ የተገኘ ቁጥር ስለሆነ አንዳቸውንም አይገልጽም።

የሚያንገበግበኝ ግን በትምህርትና በደመወዝ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አብራኝ የምትሠራ አንዲት እህት ከጎንደር የማዋለጃ ክፍል ልምድ ይዛ መጥታ በአረጋውያን መጦሪያ የነርስ ረዳት ሆና አዛውንቶችን ስታጥብና ስታገላብጥ ቆይታለች። በሙያዋ ለመሥራት የትምህርት ማስረጃዋ በቀጥታ ከተማረችበት ኮሌጅ ተልኮ መገምገም፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ ከዚያም ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች ፈተና ተፈትና ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማግኘት ነበረባት። ማስረጃው እስኪደርስ እየጠበቀች፣ በሌሊት ፈረቃና በሕፃን ልጅ መካከል ታጠና ነበር። የቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የናሙና መጠይቅ በእነዚያ ዓመታት ቢደርሳት ኖሮ ዲግሪ ያላትና ዝቅተኛ ተከፋይ ሆና ትመዘገብ ነበር፤ ዛሬ ቢደርሳት መልሷ ፍጹም ሌላ ነው። ስለዚህ ገቢን ሲያነጻጽሩ ሰዎቹ የገቡበትን ዓመት አብረው ይመልከቱ።

አንጋፋው ነዋሪ፦

እህቴ ያለችው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከዓመቱ ይልቅ የመጡበትን በር አስቀድማለሁ። የውጭ ተወላጁ ድርሻ በ1910 14.7 በመቶ ነበር፤ አብዛኛውም አውሮፓዊ ነበር። የ1924ቱ ሕግ በትውልድ አገር ኮታ ከገደበው በኋላ እየወረደ በ1970 4.7 በመቶ ደረሰ። የ1965ቱ ሕግ ያንን ኮታ ሲሽር የእስያና የላቲን አሜሪካ ሰው በዛ። የእኛ ሰው በብዛት መግባት የጀመረው የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ በሱዳን በኩል ነው፤ በ1990ው ሕግ የተቋቋመው ዲቪ ደግሞ ሌላ በር ከፈተ። ዲቪ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀ ወይም ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ ያለው አመልካች ስለሚፈልግ፣ በዚህ በር የገባው ሰው ገና ከመነሻው በትምህርት የተመረጠ ነው። ከስደተኞች ካምፕ የመጣውንና የዲቪ ባለዕድሉን በአንድ መካከለኛ ገቢ መግለጽ ሁለቱንም መበደል ነው።

የቤተሰብ ገቢን ከሳምንታዊ ደመወዝ ጋርም አያምታቱ። አባት ኡበር እየነዳ፣ እናት በመጦሪያ፣ ትልቁ ልጅ በሱቅ ሲሠሩ የቤቱ ድምር ከጎረቤት ሊበልጥ ይችላል፤ ለሦስት ሠራተኞችና ለስድስት አፍ ሲካፈል ግን ሌላ ይሆናል።

የአትላንታዋ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እዚህ የተወለዱትን ልጆቻችንን ጭምር ለመቁጠር መንገድ አለ?

ቆጣሪው፦

አለ። ያው የቆጠራ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ መጠይቅ ከትውልድ ቦታ ሌላ የዘር ሐረግንና በቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ይጠይቃል። የዘር ሐረጋቸውን ኢትዮጵያዊ ያሉትን ከወሰዱ ልጆቹም ይገባሉ፤ አማርኛ ተናጋሪውን ብቻ ከወሰዱ ግን በቤት እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገሩት ልጆች ይቀራሉ። ዴካልብን የመሰለ አንድ አውራጃ ለብቻው ማየት ከፈለጉ፣ ናሙናው ለአነስተኛ ማኅበረሰብ ስለማይበቃ የመጠይቁን የአንድ ዓመት መረጃ ትተው የአምስት ዓመቱን ድምር ይጠቀሙ፤ ከቁጥሩ አጠገብ የተጻፈውን የስሕተት ልክም በጽሑፍዎ ያስቀምጡት።