ዳማ ኩላሊቱ ደክሟል ተባልኩ፤ ቤት ውስጥ እንዴት ላስታመው?

ጥያቄ፦ ከቆጪ፣ ጅማ (ነሐሴ 4)

ሰላም ለሁላችሁ። ዳማ የሚባል ውሻ አለን፣ 11 ዓመቱ ነው። የሐበሻ ውሻ ነው። መልኩ እንደ ስሙ፣ ደረቱ ላይ ብቻ ነጭ አለው። ቡችላ ሳለ ከሰቃ በኮቱ ሸጉጦ ያመጣው አባዬ ነው። አባዬ ካረፈ 4 ዓመት ሆነው። ዳማ ግን እስካሁን ማታ 12 ሰዓት ሲል በሩ ጋ ሄዶ ይተኛል። እማዬ «አባትሽን እየጠበቀ ነው» ትላለች። እኔ ልምድ ነው እላለሁ፤ ጮክ ብዬ ግን አልልም።

ከሰኔ ጀምሮ ውሃ ያበዛል። ሌሊት ነቅቼ ከአሸንዳው ስር ካለው ባልዲ ሲጠጣ እሰማዋለሁ፤ አያቆምም። ከዚያ ማስመለስ መጣ፣ አፉ መሽተት ጀመረ፣ ከ27 ኪሎ ወደ 22 ወረደ። ሐኪሙ ደም ወስዶ አስመረመረልኝ። ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ቆሻሻ) 4.6 ነው። «ሥር የሰደደ የኩላሊት ድካም ነው። አይድንም፣ ግን ማስታመም ይቻላል» አለኝ። በየሁለት ቀኑ በቆዳው ስር ሪንገር የሚባለውን ፈሳሽ በመርፌ እንድሰጠው አዘዘ፣ ለሆዱ ደግሞ ኦሜፕራዞል። አሰጣጡን አንዴ አሳየኝ። እቤት ስሞክር እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ዳማ ዞር ብሎ አየኝ፣ ተውኩት።

ምን ላብላው? ፍልሰታ ነው፤ እማዬ ራሷ እየጾመች ለሱ ሥጋ ትቀቅላለች፣ እሱ ግን አሽትቶ ይተወዋል። ጎረቤት ደግሞ ለሃጩን አይቶ «አብዷል፣ አስወግዱት» እያለ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ለማንም አልነገርኩም። ግንቦት ላይ ሲያነክስ የእማዬን የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰጥቼው ነበር። በኋላ ነው ለውሻ ኩላሊት መጥፎ እንደሆነ ያነበብኩት። እኔ ነኝ እንዴ እንዲህ ያደረግኩት?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ከአጋሮ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ለውሻ አይሰጥም። ለኩላሊቱ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፣ ጨጓራውንም ያቆስላል። ጎድቶታል ወይ ካልሽኝ ሊሆን ይችላል፣ አልዋሽሽም። ግን ክሪያቲኒን ከፍ ብሎ መታየት የሚጀምረው ሦስት አራተኛ የሚሆነው የኩላሊት አቅም ካለቀ በኋላ ነው። በ11 ዓመት ውሻ ላይ ነገሩ ከግንቦት በፊት የጀመረ ይመስለኛል። ለሐኪምሽ ግን ንገሪው። የሚሰጠውን መድኃኒት ሲመርጥ ማወቅ አለበት። እኛ እንደሆንን የባሰ ሰምተናል።

4.6 ማለት ከአራቱ ደረጃዎች ሦስተኛው ነው፤ አራተኛው ከ5 በላይ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ወራት የሚቆዩ አሉ፣ ከዚያም የሚያልፉ አሉ። ቀን ቆርጬ አልነግርሽም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ግቢያችሁ አይጥ ይበዛል? በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ። ኩላሊት ይመታል፣ ሰውም ላይ ይጋባል። በክረምት፣ ጅማን በመሰለ እርጥብ አገር ሁሌ አስቡት እላለሁ። ዶክሲሳይክሊን ስለሚያክመው ሐኪምሽን ጠይቂው። እስከዚያ ሽንቱን ስታጸጂ ጓንት አድርጊ፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ።

ውሃ ደግሞ እንዳትከለክሉት! ቤት ውስጥ ሸና ብለው ባልዲውን የሚያነሱ ሰዎች አሉ። የሚጠጣው ኩላሊቱ ውሃ መያዝ ስላቃተው ነው። ከከለከላችሁት በሁለት ቀን ይወድቃል።

መልስ፦ ከመርካቶ ሰፈር፣ ጅማ

እኔ አሮጊቷን ውሻዬን ለ7 ወር በሪንገር አስታምሜያታለሁ። እጅሽ መንቀጥቀጡ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል፣ እመኚኝ።

መጀመሪያ ስትገዢ ተጠንቀቂ። እኛ አገር የሚንጠለጠለው ሁሉ «ግሉኮስ» ነው የሚባለው። ግሉኮስ ስጡኝ ካልሽ እውነተኛውን ግሉኮስ ይሰጡሻል፤ እሱ ደግሞ ቆዳ ስር አይሆንም፣ ያቆስላል። ላስቲኩ ላይ «ሪንገር ላክቴት» የሚለውን ራስሽ አንብቢ። እኔ አንዴ ሳላነብ ገዝቼ ቤት ደርሼ ነው ያየሁት።

ከዚያ ላስቲኩን ሳትከፍቺ ለብ ባለ ውሃ ባልዲ ውስጥ 10 ደቂቃ ነክሪው። ቀዝቃዛ ከሆነ ነው የሚሸሹት። በክንድሽ ለክተሽ ሙቀቱ ካልተሰማሽ ልክ ነው። የመስኮት ብረት ላይ ከራስሽ በላይ ስቀይው። ቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ ትንሽ አፍስሺ። በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ቆዳውን በሁለት ጣት ቆንጥረሽ ወደ ላይ ሳቢው፣ እንደ ድንኳን ይሆናል። መርፌውን በድንኳኑ ስር በኩል ወደ ውስጥ ግፊው። ቀጭን መርፌ አትምረጪ፤ ያዘንሽለት ይመስልሻል እንጂ ፈሳሹ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ቁጥር 18 ይሁን። መርፌውን በየጊዜው አዲስ አድርጊ።

ከዚያ የሚያስደነግጥሽ ነገር ይመጣል። ትከሻው ላይ የብርቱካን ያህል እብጠት ይወጣል። ማታ ደግሞ ወደ አንድ የፊት እግሩ ይወርድና እግሩ ያበጠ ይመስላል። ምንም አይደለም፣ ፈሳሹ ወደ ታች ወርዶ ነው፤ ሲነጋ ይጠፋል። እኔ በሌሊት ሐኪም ቀስቅሼ ተስቆብኛል።

እኔ በምሰጥበት ጊዜ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣ ነበር። ሽታው ሲመጣ ራሷ መጥታ መተኛት ጀመረች። አተላውን ብቻ ከአጠገቡ አርቂ፤ ቡና ለውሻ መርዝ ነው።

መልስ፦ ከሚዛን

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር በጥብጠሽ ለሰባት ቀን በባዶ ሆዱ አጠጪው። የአጎቴ ውሻ ድኗል።

የአጋሮው ሐኪም መለሰ፦ ወንድሜ፣ በደግ ልብ ያልከው እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ድሮም ደሙ ያንሳል። ወጥ የነካው ፍትፍትም ለዚሁ አይሰጥም። እህቴ፣ ይሄን አትሞክሪው።

መልስ፦ ሁለት ውሻ ያላት፣ ከአዲስ አበባ

ስለ ምግቡ ልናገር። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ጾሙ ላይ ሥጋ መቀቀል ቀላል አይደለም።

አጥንት ይቅር። ፎስፈረስ የሚበዛው እሱ ላይ ነው፣ ኩላሊቱ ደግሞ ፎስፈረስ ማስወጣት አቅቶታል። ጉበትም ወተትም ይቅር። ሥጋውን በደንብ ቀቅላችሁ ውሃውን ድፉት። መረቁን ስጡት የሚሉሽን አትስሚ፣ ፎስፈረሱ የሚወጣው ወደ መረቁ ነው። ብዙውን ሩዝ አድርጊው፣ ትንሽ ሥጋ፣ የእንቁላል ነጩን ክፍል የተቀቀለ፣ ላዩ ላይ ትንሽ ሞራ። ጨው የለም።

አሽትቶ የሚተወው ስለሚያቅለሸልሸው ነው። ኦሜፕራዞሉን ከምግቡ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ስጪው። ምግቡን ለብ አድርጊው፣ ሽታው ይነሳል። በሳህን ከመከመር በእጅ አራት አምስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት። እምቢ ካለ ደግሞ አፉን ፈልቅቀሽ አትግፊ። ምርጡን ምግብ ካልበላ የሚበላውን ስጪው። የማይበላ ውሻ የሚከስመው ከኩላሊቱ በፊት በረሃብ ነው።

መልስ፦ ከቢሾፍቱ

ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለው። አልትራሳውንድም ያገኛል ብዬ አስባለሁ። አምጪው።

የአጋሮው ሐኪም፦ ከጅማ ቢሾፍቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡስ ውሻ አይጭንም፣ መኪና መከራየት አለባት። ወጣት ውሻ ቢሆን ወይም ድንገት የመጣ በሽታ ቢሆን «ሂጂ» እላት ነበር። ለዳማ የሚጨምርለት ከሚያደክመው ያንሳል። እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አለ፣ መጀመሪያ እሱን ትጠይቅ።

ከቢሾፍቱ፦ ዶክተር፣ ልክ ነዎት። ርቀቱን አላሰብኩትም።

መልስ፦ ሽማግሌ፣ ከጅረን

ልጄ፣ ስለ ጎረቤቶችሽ እኔ ልንገርሽ። ያበደ ውሻ ምልክቱ ከታየ 10 ቀን ብዙም አያልፍም፣ ይሞታል። ያንቺ ከሰኔ ጀምሮ ታሟል። ለሃጩ አፉ ቆስሎ ይሆናል፣ ኩላሊት ሲደክም አፍ ይቆስላል ይላሉ። የክትባት ካርዱ ካለሽ ይዘሽ ሂጂና ለጎረቤት አሳይ። በቃል አይሆንም፣ ወረቀት ሲያዩ ነው ሰው የሚረጋጋ። ልጆች እንዳይነኩትም አጥሩን ዝጊ፣ እሱም እረፍት ያገኛል።

እኛ ቤት ውሻ አይገባም፣ ለሶላት ስለማይመች። ግን ልጆቼን ሳሳድግ የነገርኳቸው ሐዲስ አለ። በውሃ ጥም ምላሱን ጎልጉሎ እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ ያየ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ አጠጣው፣ አላህም ማረው። «ውሻ ነው እኮ» የሚልሽ ካለ ይሄን ንገሪው።

ጠያቂዋ (ነሐሴ 11)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሪንገሩን ሰጠሁት! ሁለት ጊዜ ሳትኩ፣ በሦስተኛው ገባ። እግሩ ሲያብጥ እማዬ «ገደልሽው» ብላ ጮኸች፣ እኔ ግን አውቄ ስለነበር ሳቅኩ። ሩዝና እንቁላሉን ከእጇ ይበላል፣ ከእኔ እጅ አይቀበልም። ካርዱን ለጎረቤት አሳየሁ። ክትባቱ ዓመት አልሞላውም፣ ዝም አሉ። ዲክሎፌናኩን ለሐኪሙም ነገርኩት፣ አልተቆጣኝም። በአይጥ ለሚተላለፈው በሽታም ዶክሲሳይክሊን ጀመረለት።

አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። በቃ የሚባለው መቼ ነው? አንድ ሰው «መርዝ ስጪውና ይረፍ» አለኝ።

መልስ፦ ሁለት ውሻ ያላት፣ ከአዲስ አበባ

መርዝ በጭራሽ። ለጎዳና ውሾች የሚጣለውን ስትሪክኒን በዓይኔ አይቻለሁ። አእምሮው ሳይደነዝዝ ጡንቻው እየተገታተረ ነው የሚሞተው። ያንን ለጠላትም አልመኝ። ሐኪም ሲያደርገው መጀመሪያ ያስተኛዋል፣ የሚቀጥለው ሲሰጠው አይሰማውም። ከአሁኑ ሐኪሙን «እቤት ትመጣለህ?» ብለሽ ጠይቂው። በጭንቅ ሰዓት መፈለግ ከባድ ነው።

መቼ ላልሽው እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በየማታው ምልክት አደርግ ነበር። በልቷል? ሳያስመልስ አደረ? ራሱን ችሎ ወጥቶ ሸና? የሚወደውን አንድ ነገር አደረገ? ከዚህ ውስጥ ብዙው እምቢ ካለ ቀኑ ላይ የኤክስ ምልክት አደርጋለሁ። እኔ በልቤ «ዛሬ ደህና ነው» እያልኩ ስሸውድ የነበረው ወረቀቱ ላይ ታየኝ። ሦስት ኤክስ ተከታትሎ ሲመጣ ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። አንድ ሳምንት ዘግይቻለሁ፣ አሁንም ይቆጨኛል።

ዳማ የሚወደው ምንድን ነው?

ጠያቂዋ፦ በሩ ጋ መተኛት። ማታ 12 ሰዓት።

ሁለት ውሻ ያላት፦ እንግዲያው እሱን ተከታተይ።

ጠያቂዋ (መስከረም 24)

ዘግይቼ ነው የምጽፈው፣ ይቅርታ። ዳማ አደይ አበባ እስኪወጣ ቆየልን። ለእንቁጣጣሽ ግቢውን ዞሯል፣ ዶሮ ሲታረድ ቆሞ አይቷል። ከመስቀል በኋላ መብላት አቆመ። እኛ ሦስት ኤክስ አልጠበቅንም። ሁለት ማታ 12 ሰዓት ሲሆን ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ወደ በሩ አየ፣ አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን እማዬ ራሷ «ልጁን ጥሪው» አለችኝ፣ ሐኪሙን ማለቷ ነው። እሱም ከሥራ ሲወጣ መጣ። ዳማን በአባዬ ጋቢ ተሸክመን በሩ ጋ አስተኛነው። እማዬ ጭንቅላቱን ይዛ ነበር። አምስት ደቂቃም አልፈጀም።

ከአቮካዶው ስር፣ ከጉድጓድ ውሃው ራቅ አድርገን፣ ከአንድ ሜትር በላይ አስቆፍረን ቀበርነው። የጅረኑ አባት ሆይ፣ ይስሙልኝ፦ ያ «አብዷል» ያለው ጎረቤታችን ነው ዶማ ይዞ የመጣው። እማዬ ቡና አፈላችለት።

ያልተከፈተ 6 ሪንገር ላክቴትና አንድ ፓኮ ቁጥር 18 መርፌ ቀርቶኛል። ጊዜያቸው አላለፈም። ጅማ ውስጥ የሚያስታምም ካለ በነጻ ነው፣ ይጻፍልኝ።

መልስ፦ ከአጂፕ፣ ጅማ

ነፍስ ይማር ማለት ለውሻ ይባል እንደሆን አላውቅም፣ ግን አዝኛለሁ። የእኔዋ ትናንት ነው የተነገረኝ፣ ክሪያቲኒን 3.8። ነገ ከሰዓት ብመጣ ትኖሪያለሽ? አሰጣጡንም ብታሳዪኝ።