ፊርማ እያሰባሰብን ነው፤ እናቴ ግን «ተዪው» አለችኝ

የሦስተኛ ዓመቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚሁ ጎንደር አንድ ኮሌጅ ነው የምማረው፤ ቤታችን አዘዞ ነው። ከዶርም ልጆች ጋር ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል። ጥያቄያችን ሁለት ነው። ለሴት ተማሪዎች ሞዴስ በነጻ ይሰጥ፤ ከላይብረሪ ወደ ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት ይግባለት። እስካሁን 84 ልጆች ፈርመዋል።

እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። ታላቅ ወንድሟን በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ነው የበላው። እሷ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብላ አለቀሰችብኝ። ተደብቄ ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ተመራቂው፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ተመረቂ። እኔም ፊርማ ይዤ ዞሬ ነበር። ጥያቄያችንን ያየልን የለም፤ «ማን ነው የጻፈው?» ብቻ ነው የተባልኩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ተደብቀሽ አታድርጊው። እኔ ተደብቄ ያደረግሁትን ልንገርሽ።

ደርግ ተማሪውን ወደ ገጠር ከላከበት ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተመልሼ ጎንደር ሳለሁ ሌሊት ሌሊት በስቴንስል የተቃውሞ ወረቀት እናባዛ ነበር። ቀለሙ ከጥፍር ሥር አይለቅም። እናቴ ምን እንደምሠራ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ጎህ ሳይቀድ ትቀሰቅሰኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ በሎሚ ታሽልኛለች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን ጊዜ ጣት ላይ የተገኘ ቀለም ያስገድላል።

ግን ጥያቄ መጠየቃችን አልነበረም ጥፋቱ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ሲወጡ፣ ጥያቄው ፊደል ላልቆጠረ ገበሬም የሚገባ ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። የጨረሰን ሌላ ነው። ደርግ ገደለን። እኛም ኢሕአፓ፣ መኢሶን በሚባሉ ሁለት የግራ ፓርቲዎች ተከፍለን ተጋደልን። አንድ ዴስክ ላይ የተማርን ልጆች ፒያሳ ስንገናኝ ፊታችንን እናዞር ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በደርጉ ሹም በመላኩ ተፈራ ጊዜ እዚህ ከተማ ስንት እናት ያለ ልጅ ቀረች!

ያንቺ ወረቀት ስለ ሞዴስና ስለ መብራት ነው። ስምሽን ከላይ ጻፊበት። አልፈርምም ያለሽን ልጅ ጠላት አታድርጊው። ከሁሉ በፊት ግን ለእናትሽ አንብቢላት።

የሦስተኛ ዓመቷ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ቡና እያፈላች አነበብኩላት። ስለ መብራቱ ስትሰማ ዝም አለች። ሞዴስ የሚለው ላይ ስደርስ ሲኒውን አስቀመጠች። «እኛ በጨርቅ ነበር። በየወሩ 4 ቀን ከትምህርት ቤት እቀር ነበር» አለችኝ። ይህን ነግራኝ አታውቅም። ከዚያ «ከመሸ ብቻሽን እንዳትዞሪ» ብላ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ዛሬ 91 ደርሰናል።