ታዳጊዎች ፍጥነት ቀንሰው መታጠፍን እንዴት ይሠልጥኑ?

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ፣ ድሬዳዋ
ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን አካባቢ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶችንና ሴቶችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ሜዳችን ደረቅ አፈርና ጠጠር ስለሆነ፣ በሙሉ ፍጥነት የሚሮጡት ልጆች በድንገት ሲታጠፉ ይንሸራተታሉ፤ አንዳንድ ሴት ልጆችም ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነግረውኛል። የፍጥነት ልምምድ ሞልቶናል፤ ፍጥነትን በሥርዓት ቀንሶ አቅጣጫ መቀየርን ግን ከምን ልጀምርላቸው?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐረር
በቅድሚያ፣ ሕመም ያለባቸው ልጆች እስኪመረመሩ ድረስ ከዚህ ልምምድ ይቆዩ። የጉልበት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት በአብዛኛው የሚጎዳው ተጋጣሚ ጉልበትን ሲመታ ሳይሆን፣ ተጫዋቹ ራሱ ሊቆም፣ ሊታጠፍ ወይም ከዝላይ ሊያርፍ ሲል ነው፤ ጉልበቱን ብዙም ሳያጥፍ እግሩን ከሰውነቱ አርቆ ሲተክልና ጉልበቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ጅማቱ ከባድ ጫና ይደርስበታል። ከጉርምስና ወዲህ ሴቶች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ፍሬኑ መያዝ ያለበት በመታጠፊያው እርምጃ ላይ ሳይሆን ከእሱ በፊት ባሉት እርምጃዎች ነው፤ እርምጃው ይጠር፣ ዳሌ ዝቅ ይበል፣ ጉልበትም የእግር ጣቶችን አቅጣጫ ይከተል።

መልስ፦ የቀድሞ ተከላካይ
እኔ የምጨምረው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ በሶምሶማ ሮጠው ሚዛናቸውን ጠብቀው መቆምን ይልመዱ፤ ከዚያ ፍጥነቱ ይጨመር፣ መታጠፉም ከ45 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ 90፣ በመጨረሻም ወደ መጡበት እስከ መመለስ ይደግ። ኮን ደርድረው ዓመቱን በዚያው የሚጨርሱ አሰልጣኞች አሉ፤ በጨዋታ ግን መታጠፊያውን የሚወስነው ተጋጣሚ ስለሆነ፣ ውሎ አድሮ አቅጣጫው በእጅ ምልክት ድንገት ሊታዘዝ ይገባል። ልምምዱ ልጆቹ ሳይደክሙ ይሠራ፤ ለድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ማለዳ ይሻላል። ጠጠሩንም ያስለቅሙ፤ ጥሩ ታኬታ እንኳ ልቅ ጠጠር ላይ አይዝም።

መልስ፦ የስፖርት ሳይንስ መምህር
ለማሟሟቂያ «ፊፋ 11 ፕላስ» የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀሙ። 15 ልምምዶች ያሉት ሲሆን 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ እንዲሠራም ይመከራል። የመጨረሻው ክፍሉ እግር ተክሎ መታጠፍን ያካትታል። በመካከለኛው ክፍል ያለው፣ ተንበርክኮ ወደ ፊት በዝግታ መውረድ፣ ከባድ ነው ተብሎ እንዳይዘለል፤ የሚያጠነክረው የኋላ ታፋ ጡንቻ ለፊተኛው ጅማት አጋዥ ነው። ከ14 ዓመት በታች ላሉት ለልጆች የተዘጋጀው ለብቻው አለ።

ጠያቂው
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ልጅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለመሸጋገር መድረሱን በምን ልለይ?

ፊዚዮቴራፒስት፣ ሐረር
ከፊት ለፊት ሆነው በስልክ ይቅረጹትና ቪዲዮውን አዝግመው ይመልከቱ። በሁለቱም እግሮቹ ሲታጠፍ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ደረቱም ወደ ጎን ካልወደቀ ይለፍ፤ በአንዱ እግር ብቻ ከተሳካለት ግን ባለበት ይቆይ።