ዲ ድራይቭ በየጊዜው ኤረር ያመጣል፤ ፎርማት ላድርገው?

ማሂ_ገርጂ፦
ሰላም ናችሁ ወገን። ዊንዶውስ 10 የተጫነባት የቤት ዴስክቶፕ አለችኝ። ዊንዶውሱ ትንሽዬ ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ በሙሉ ያለው ግን 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ስከፍታት «ስካኒንግ ኤንድ ሪፔሪንግ ድራይቭ ዲ» ብላ ትገተራለች። ችክዲስክ (የዊንዶውስ የራሱ ዲስክ መፈተሻ) ሳደርግ ይስተካከላል፣ ሰንበት ብሎ ያው ነው። የእህቴን ሰርግ ቪዲዮ ስከፍትማ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፤ ዲስኩ ከነጭራሹ ይጠፋና ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ጠጋኝ ጋ ብወስደው ገና ኬዙን ሳይከፍት «ፎርማት ነው መፍትሔው» አለኝ። ሰርጉ ሌላ ኮፒ የለውም። ምን ትሉኛላችሁ?

ቶሎ_ቶሎ፦
ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

አባ_ኬብል፦
እህቴ፣ ፎርማቱን ተይው። ችክዲስኩንም ለጊዜው አቁሚ። እሱ የፋይሎቹን መዝገብ ያስተካክላል እንጂ መዝገቡን ምን እንደሚያበላሸው አይነግርሽም። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ደግሞ «/አር» ተጨምሮበት የሚደረገው የችክዲስክ ፍተሻ ዳር እስከ ዳር ሲያነበው ጭራሽ ሊጨርሰው ይችላል። መጀመሪያ ሰርጉን ኤክስተርናል ላይ ገልብጪ።

ከዚያ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን፣ የዲስክ ጤና የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ጫኚ። ቁጥሮቹን በሄክስ (ፊደል በተቀላቀለበት አቆጣጠር) ስለሚያሳይ ከፈንክሽን ሜኑ ገብተሽ ወደ ተለመደው ዴሲማል ቀይሪው። 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 የሚሉት መስመሮች ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊልን። 05 ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮች (ዳታ የሚቀመጥባቸው ትንንሽ የዲስኩ ክፍሎች) ናቸው። ሲ5 ደግሞ ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ገና ያልቆረጠላቸው፤ ሲ6 ሲፈተሹ ሊነበቡ ያልቻሉት። እነዚህ ከጨመሩ ዲስኩን ተሰናበቺው። ሲ7 ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዳታው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መሃል ሲመላለስ ስንቴ እንደተበላሸ ነው የሚቆጥረው።

ማሂ_ገርጂ፦
ሰርጉ ተገልብጧል፣ ተመስገን! 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ዜሮ ናቸው። ሲ7 ግን 1,412! «ፓወር ኦን አወርስ» የሚለው ደግሞ 41,000 ምናምን ይላል። እኔ አዲስ ነው ተብዬ ነው የገዛሁት።

አባ_ኬብል፦
41,000 ሰዓት ቀን ከሌት ቢሠራ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ነው። አዲስማ አልተሸጠልሽም። ከደህንነት ካሜራ መቅጃ የተነቀለ እንዳይሆን።

ለኤረሩ ግን የምጠረጥረው የሳታ ኬብሉን ነው። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ከሶኬት ንቀዪ፣ ከዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ቀጭን ኬብል ቀይሪ። ጫፉ ላይ የብረት መቆለፊያ ያለው ይሁን። ማዘርቦርዱ ላይም ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰኪው። ሲ7 ወደ ኋላ አይመለስም፤ 1,412 ላይ ቆሞ ከቀረ ተሳክቶልሻል ማለት ነው። ከጨመረ ፓወር ሰፕላዩን እናያለን።

መብራት_ሄደ፦
መብራት ሲጠፋም እኮ ይሄው ጽሑፍ ይመጣል። ስታቢላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲሄድ አያድንም፤ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ያስፈልግሻል።

አባ_ኬብል፦
ልክ ነህ፣ ዩፒኤሱ አይከፋም። ግን መብራት ሳይጠፋ ዲስኩ ብቻውን ጠፍቶ መመለሱ የመብራት ጸባይ አይደለም።

ማሂ_ገርጂ፦
አሮጌውን ኬብል ነካ ሳደርገው በራሱ ወጣ፤ ለካ ላልቶ ኖሯል። በአዲሱ ትልልቅ ፋይል ወዲህ ወዲያ እየገለበጥኩ አየሁት፤ ሲ7 ንቅንቅ አላለም። ያ ጽሑፍም አልመጣም። አሁን ሰርጉን ዲስኩ ላይ ልተወው?

አባ_ኬብል፦
በዚያ ዕድሜው ባትተማመኝበት ይሻላል። ለፊልምና ለዳውንሎድ ይሁን። ሰርጉ ኤክስተርናሉ ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ለራሷ ለሙሽሪት ስጫት።