የድመቴ ጆሮ ቁስል አልድን አለ
ነጭ ድመት አለችኝ፣ 9 ዓመቷ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ ነው የምትውለው። ከ3 ወር በፊት የግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ቅርፊት አየሁ፤ ከሰፈር ድመት ጋር ተቧጭራ ነው ብዬ ተውኩት። ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ይደማል፣ ተመልሶ ይደርቃል። አሁን ጠርዙ አይጥ የበላው መስሏል። አንዱ ሐኪም ፈንገስ ነው ብሎ ቅባት ሰጠኝ፤ አንድ ወር ቀባኋት (ግማሹን ሶፋው ላይ ነው የጠረገችው)፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላዋ ሐኪም ደግሞ ነጭ ድመት ጆሮ ላይ እንዲህ ያለ የማይድን ቁስል ከፀሐይ የሚመጣ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ጫፉ ይቆረጥ አለች። ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አፍንጫዋም ደህና ነው። ድመታችሁ እንዲህ የሆነችባችሁ፣ መጀመሪያ ትንሽ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ይታይ ልበል ወይስ ጫፉ ተቆርጦ እሱው ይመርመር?