ፈተናውን ያልፋሉ፣ ማሽኑ ላይ ግን ያው ናቸው

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የብረታ ብረት ድርጅት የሥራ ደኅንነት ሥልጠና እሰጣለሁ፤ አሁን ግን መላው ጠፍቶብኛል። አብዛኞቹ ሠልጣኞች በዕድሜም በሙያም ይበልጡኛል። ሦስት ሰዓት ሙሉ በትዕግሥት ያዳምጡኛል፣ ፈተናውን ያልፋሉ፣ ፈርመው ይወጣሉ።

በሥልጠናው ማግስት አንድ አንጋፋ ሠራተኛ ኃይሉን ሳይቆልፍ እጁን ማሽኑ ውስጥ ከትቶ ደረስኩበት። ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ማብሪያውን ቆልፎ ቁልፉን ራሱ ጠጋኙ መያዝ እንዳለበት፣ ከዚያም ለማስነሳት ሞክሮ ማረጋገጥ እንደሚገባው ትናንት በቃሉ ነግሮኛል! «ለሁለት ደቂቃ ሥራ?» አለኝ። መቆለፊያዎቹ ያሉት ራቅ ያለ መጋዘን ውስጥ መሆኑን ሳስብ መልስ አጣሁ። ይህ የሥልጠና ችግር ነው ወይስ የአሠራር?

ሌላም አለ። «ጓንት ሁልጊዜ ይደረግ» ብዬ ሳስተምር አንድ የቶርኖ (ብረትን እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ባለሙያ የሚሽከረከር ብረት ጓንቱን ይዞ እጅን እንደሚጎትት አስረዳኝ። ልክ ነበር፤ አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እነሱ ራሳቸው ለጥቂት የተረፉበትን አጋጣሚ እንዲያወሩ ጠየቅሁ። ማንም አልተነፈሰም፤ ለካ አለቃቸው ከኋላ ተቀምጦ ኖሯል።

እናንተ ሠራተኛው ያለ ፍርሃት እንዲናገር ያደረጋችሁት እንዴት ነው? ረጅሙን ሥልጠና ትቶ በየፈረቃው መጀመሪያ፣ እዚያው ማሽኑ አጠገብ፣ አሥር ደቂቃ መለማመድ የተሻለ ውጤት ያመጣላችሁ አላችሁ? ለውጡንስ ከፈተና ውጤት ሌላ በምን ለካችሁት?