የቄራ ደም ለዶሮ መኖ፦ ቀቅዬው ነበር፣ ተቅማጡ ከየት መጣ?

ጠያቂ (ቢሾፍቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። 200 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሉኝ። የአኩሪ አተር ዋጋ አልቻል ሲለኝ ከቄራ ደም እያመጣሁ በበርሜል ቀቅዬ፣ ሸራ ላይ አስጥቼ፣ ፈጭቼ ከበቆሎ፣ ከፉሩሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እቀላቅላለሁ። ሁለት ወር ደህና ነበሩ። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ግን ቢጫ ተቅማጥ ያዛቸው፣ እንቁላሉ ቀነሰ፣ 6 ሞቱብኝ። ደሙ ይሆን? ሲቀቀል ጀርሙ ይሞት የለ?

አርቢ (አዳማ)፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔም ደርሶብኛል። ላዩ ደርቋል ብዬ ጆንያ ውስጥ የከተትኩት ዱቄት መሃሉ እርጥብ ነበር። እየሸተተኝ ለመድፋት ሳሳሁና ሰጠኋቸው፣ ብዙ ዶሮ አለቀብኝ። እጅህን መሃል ከተህ እየው።

የእንስሳት ሐኪም፦
ሳይመረመር ደሙ ነው አልልህም፤ የዶሮ ታይፎይድም ፈንግልም ሊሆን ይችላል። መቀቀሉን በተመለከተ ግን፣ በደንብ የፈላ ደም ውስጥ ሳልሞኔላ (ዶሮንም ሰውንም የሚያሳምም ባክቴሪያ) አይተርፍም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ጥሬውን በነካ አካፋ፣ በወፍ ኩስ፣ ማታ በሚመጣ አይጥ ተመልሶ ይገባል፤ ደረቅ መኖ ውስጥ ባይራባም ለወራት ይቆያል፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ይባዛል። የአባ ሰንጋና ክሎስትሪዲየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ስፖር (ሙቀትን የሚቋቋም እንቅልፍ ላይ ያለ ጀርም) ግን በመፍላት ላይሞት ይችላል። በአውሮፓ አንዱ የፋብሪካ ዘዴ 133 ዲግሪ፣ 3 ባር ግፊት፣ 20 ደቂቃ ነው። ቢሾፍቱ ከፍታ ላይ ስለሆነች ያንተ በርሜል ከ95 ዲግሪ በታች ነው የሚፈላው። ስለዚህ ሐኪም ያላየውን ከብት ደም፣ ይልቁንም የበከተ እንስሳ ደም፣ በፍጹም አታምጣ። አንተንም ይገድልሃል።

ጠያቂ፦
ቄራው ሐኪም አለው ዶክተር። አካፋው ግን አንድ ነው፣ ሸራው ላይም ዶሮዎቹ ይሄዱበታል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቻለሁ፣ ልስጣቸው?

የእንስሳት ሐኪም፦
ቆይ፣ አሁን አትስጥ! ከናሙናው በፊት ከሰጠህ ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን ላያገኘው ይችላል። ትኩስ ሬሳና ትንሽ ዱቄት ለየብቻ በንጹሕ ላስቲክ ቋጥረህ፣ በበረዶ አድርገህ ሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ውሰድ። ደሙን ዛሬውኑ አቁም። እንቁላሉንም ውጤቱ እስኪመጣ አትሽጥ፣ ሳልሞኔላ ቅርፊቱ ላይ ብቻ ሳይሆን ውስጡም ሊገባ ይችላል።

አርቢ (አዳማ)፦
እኔ አሁን ለጥሬውና ለበሰለው ሁለት አካፋ አለኝ፣ የጥሬው እጀታ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። የማሰጣውም ከፍ ባለ ወንፊት ሽቦ ላይ ነው።

ጠያቂ፦
አሁን ደግሞ ሁለት ሞተዋል። በበረዶ አድርጌያቸዋለሁ፣ ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ።